የውሃው ጉድጓድና የወርቁ ጉድጓድ

በቦረና ቱላ ጉድጓዶች ከብት የሚጠጣው በተራ ነው። ተራውን የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ባለተራውም ተራ ጠባቂውም ያውቀዋል። በሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደንቢ የወርቅ ጉድጓድ ግን እንዲህ ያለ አደባባይ አላገኘም።

ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሚድሮክ በ172 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ፈቃዱ በ2010 ዓ.ም. ሲታደስ ሕዝቡ «ጤናችን ተጎዳ» ብሎ ተነሣ፤ ፈቃዱም በዚያው ዓመት ታገደ፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ቀጠለ። ያን ሁሉ ወርቅ ስንቆጥር የሮያሊቲውን ሒሳብ ማን ነገረን?

ሮያሊቲና የትርፍ ግብር አንድ አይደሉም። ግብሩ ከትርፍ ይቆረጣል፤ ሮያሊቲው ግን ከመሬት ለወጣው፣ ተመልሶም ለማይበቅለው ሀብት የሚከፈል ዋጋ ነው። «የውል ምስጢር ነው» የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ታዲያ ባለንብረቱ የገዛ ሒሳቡን እንዳያይ የሚከለከለው በምን አግባብ ነው? አገራችን በ2006 ዓ.ም. የማዕድን ገቢን ግልጽ ለማድረግ የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ ኅብረት ስትቀላቀል ቃል ገብታለች። ሪፖርቱ አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ግን ለሻኪሶ እናት ምኗ ነው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየዓመቱ ስንት ኪሎ ወጣ፣ በስንት ተሸጠ፣ ሮያሊቲው ስንት ሆነ፣ ከዚያስ ለክልሉና ለወረዳው ስንት ደረሰ? ይህ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ በሻኪሶና በነገሌ ቦረና አደባባይ ይለጠፍ። እስከዚያው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለታችንን አንተውም።