ጂን ፍለጋ ወደ አፋር ለምትወርዱ

የዘመኑ ጠንቋይ ጥቁር ዶሮ አታሳርድም። ስልክ አላት፣ ሪንግ ላይት አላት፣ ላይቭ ስትገባ የሚዘንብላት ስጦታ አለ። (ወንዶቹም ሞልተዋል፤ ለአነጋገር እንዲቀል «እሷ» ልበል።) ሁለት ነገር ትወዳለች። አንዱ ቅጠል ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲያካፋ በረንዳዋ ላይ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ጦስኝ ተክላ «ይኼ ለዓይነ ጥላ፣ ይኼ ለገበያ» እያለች ታሳየናለች። ሌላው መንፈስ አደን ነው። በውድቅት ሌሊት ሰው የለቀቀው ቤት ገብታ፣ ካሜራውን እያንቀጠቀጠች «ማነው እዚህ ያለው?» ትላለች። አንድ በር ሲጥ ካለ ላይኩ ይጎርፋል።

በበረንዳዋ ቅጠል ጠብ የለኝም። ጉንፋን ለያዘው ልጅ ዳማከሴ ያልጨመቀ እናት ያላት ካለ እጁን ያውጣ። ባዶ ቤት ገብታ መጮኋም የራሷ ጉዳይ ነው። ጠቤ የሚጀምረው ያ ካሜራ አፋር ሲወርድ ነው።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከረመች። የአዋሽ ሰው ቤቱን ፈርቶ ደጅ አደረ። ታኅሣሥ 25 ቀን ዶፈን አካባቢ ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎትና አቧራ እየተምዘገዘገ ወጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቆ መጠለያ ገባ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውም በሌሊት ደረጃ ወረደ። በዓመቱ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ኃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ የአፍዴራን መንደሮች አልብሶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ሕንድ ደርሶ በረራ አሰረዘ።

በዚያ ሰሞን ስልካችን ላይ ምን አየን? «የተቆጣ መንፈስ»፣ «የተፈታ ጋኔን»፣ «የሲኦል በር»። ከእንፋሎቱ ውስጥ ፊት እየከበበ የሚያሳይ አለ። ጭሱ ውስጥ ቀንድ የታየው አለ። የዚያ ቪዲዮ ባለቤት ከብቱን ትቶ የወጣውን አርብቶ አደር አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። ምን በላህ? ልጆችህ የት አደሩ? የውኃው ቦቴ መጣ? ይኼ ላይክ አያመጣማ!

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። መንፈስ ጥፋተኛ ሲሆን የሚያርፈው ማን ነው? መንፈስ ስብሰባ አይጠራም፣ በጀት አይጠየቅም፣ መጠለያው ለምን ዘገየ ተብሎ አይገመገምም። አፋር ሦስት ታላላቅ የምድር ንጣፎች የሚለያዩበት ቦታ ነው፤ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ። መስከረም 1998 ላይ ከሰመራ ወደ ሰሜን ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ከሥሩ ተከፈለ፤ ቅልጥ ዐለት ከታች ገብቶ አንዳንድ ቦታ ስምንት ሜትር ድረስ አራራቀው። የሆነውም በቀናት ውስጥ ነው። ዓለም ሁሉ መጥቶ አጠናው። ፈንታሌም ቢሆን ከዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከጎኑ ተሰንጥቆ እሳት አፍስሷል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ዛሬም ከመተሐራ መንገድ ላይ ይታያል። ይህን የሚያውቅ ሰው «ጋኔን ተፈታ» አይልም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ በስንጥቁ መስመር ላይ ስንት የመለኪያ መሣሪያ ተተክሏል? በእሱ ላይስ የሚሠራው ቤት በምን ደንብ ይሠራል? መልስ የሚሰጥበት ቢሮ ያለው ጥያቄ ይኼ ነው።

«ባህል ትንቃለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ባህሉን እንይዛ። አፋር ጂኒሌ የሚባል አለው። ሰው ከቦት እየጨፈረ፣ መንፈስ ያዘው ሲባል ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለሚመጣው ነገር ይጠየቃል። እመኑበት አልልም። ግን ልዩነቱን እዩ። ጂኒሌው የሚናገረው ፊቱን በሚያውቁት፣ አባቱን በሚያውቁት ሰዎች መሐል ነው። ዝናቡ ቢቀር ነገም እዚያው ነው፤ ከእነሱ ጋር ይጠማል። የኛዋ ጠንቋይ ትንቢቷ ሲከሽፍ ቪዲዮውን ታጠፋለች፣ አስተያየት የሰጠውን ብሎክ ታደርጋለች፣ ማታ በሌላ ርዕስ ትመጣለች።

ከጂኒሌም በላይ የሚያሳፍረን ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ያየኸውን ያየሁት ነው ትላለህ፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ፤ የት፣ መቼ፣ ማን ነበረ? የግጦሹ፣ የውኃው፣ የበሽታው፣ የጠፋው ግመል ሁሉ በዚህ ያልፋል። በዳጉ የዋሸ ሰው ቀልዶ አይታለፍም፤ በእሱ ወሬ ሰው ከብቱን ነድቶ ደረቅ መሬት ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ውስጥ ይህን ያህል የዜና ሥርዓት ያቆመ ሕዝብ ጋ ሄደን ነው ካሜራ እያንቀጠቀጥን የምንጮኸው።

ሙት ፈላጊም ቢሆን አፋር ያየው ምርጥ ምርጡን ነው። በ1967 ሐዳር ላይ የባህል ሚኒስቴር ሠራተኛ የነበረው ዓለማየሁ አስፋው ሉሲ ከመገኘቷ ከሳምንታት በፊት ጥንታዊ የመንጋጋ አጥንቶችን አገኘ፤ ስሙን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1994 ዮሐንስ ኃይለሥላሴ አራሚስ ላይ የአርዲን የመጀመሪያ ቁራጭ፣ የእጅ አጥንት፣ ከመሬት ለቀመ። በ2000 ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሰላምን፣ የዚያችን የሕፃን ልጅ ቅሪት ዲኪካ ላይ አገኛት፤ ከዐለቱ ለማላቀቅ ዓመታት ፈጀበት፤ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት እየፋቀ። 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሞላትን ሙት እንዲህ ነው የሚያናግሯት። የት፣ የትኛው የአፈር ንጣፍ ላይ፣ ከምን አጠገብ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ዳጉ ማለት ነው እኮ! ነገ ደግሞ አንዷ አዋሽ ያለው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ሌሊት ገብታ «የሞተ ባቡር ሲጮኽ ሰማሁ» ብትል አይገርመኝም። ባቡሩ ለምን እንደሞተ፣ የሠራተኞቹስ ኑሮ ምን እንደሆነ አትጠይቅም።

ሰይጣን ካልታየን ካላችሁ ግን ከአዋሽ ሰባት ወደ ሰመራ ስትሄዱ የመኪናውን መስኮት ክፈቱ። አሚባራን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን እያለፋችሁ በግራም በቀኝም የሚያጅባችሁን አረንጓዴ ነገር እዩት። በድርቅ ጊዜ ጭምር አረንጓዴ ነው። ከላቲን አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው፤ ሳይንሱ ፕሮሶፒስ ይለዋል። አፋር «ደርጊ ሐራ» ይለዋል፣ የደርግ ዛፍ። በአማርኛ ደግሞ «ወያኔ» የሚል ስም ወጣለት። ሕዝቡ በየዘመኑ ለበላይ አካሉ የሰጠው ደረሰኝ ነው።

እሱንም ያመጣው ጠንቋይ አይደለም። በ1970ዎቹና 80ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች አካባቢ ጥላ እንዲሆን፣ ንፋስ እንዲከላከል፣ አፈር እንዲይዝ ተብሎ በባለሙያ፣ በመልካም ሐሳብ፣ በችግኝ ጣቢያ ተተከለ። የአርብቶ አደሩ ሐሳብ ግን አልተጠየቀም። ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ፍየሏ ትበላለች፣ ዘሩ በሆዷ አልፎ ከነማዳበሪያው ሌላ ቀበሌ ይወድቃል። ጎርፉም ይዞት ይወርዳል። ፍሬውን ብቻ እየበላ የከረመ ከብት ጥርሱ ይጎዳል፣ ሆዱ ይታሰራል፣ ይሞታል። ሥሩ ውኃ ፍለጋ ጠልቆ ይወርዳል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣ ጥናት በአፋር ክልል በ35 ዓመት ውስጥ የተወረረውን መሬት 1.17 ሚሊዮን ሄክታር አድርሶታል። ግጦሽ ነበረ ያ። ብትቆርጠው ከጉቶው በብዙ ቅርንጫፍ ይመለሳል። ከሰል ይክሰል ሲባልም በእሱ ስም አገር በቀሉ ግራር አብሮ ነደደ። ለማባረር እምቢ ያለ ጋኔን ካሻችሁ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

እና ቅጠል ወዳጇን እህታችንን የምጋብዛት እዚህ ነው። በአፋር የመጋቢትና የሚያዝያው ዝናብ «ሱጉም» ይባላል። አፈሩ ሲርስ የደርጊ ሐራ ዘር በየበረቱና በየመንገዱ ዳር ጣት የምታህል ሆና ትበቅላለች። ያኔ በእጅ ትነቀላለች። አንድ ሁለት ዓመት ከቆየች አካፋ ትፈልጋለች፤ ከአፈሩ በታች ግንድና ሥር የሚገናኙበት ድረስ ተቆፍሮ መቆረጥ አለበት፤ ከላይ መቁረጥ ማብዛት ነው። የክልሉ ግብርና ቢሮም፣ የሰመራ ዩኒቨርሲቲም፣ እኛ በየክረምቱ ችግኝ ይዘን ፎቶ የምንነሣውም፣ ስንት ተከልን ብለን እንደምንቆጥረው ስንት ነቀልን ብለንም እንቁጠር። በተነቀለው ቦታ ምን ይተከል ለሚለው አሳይታና አፋምቦ ያሉትን ተምር አብቃዮች መጠየቅ ይቻላል፤ ሣር ይመለስ የሚሉትን ባለ ከብቶችም እንዲሁ።

ላይቭ ግቢበት እህቴ፣ እኔም አያለሁ። ጫማሽ ግን ወፍራም ይሁን፤ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል።