ለሁለቱም ፍንዳታ አንድ ፍትሕ



ታህሣሥ 1 ቀን 2008 ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በአዲስ አበባው ታላቁ አንዋር መስጂድ ከሰላት በኋላ በሕዝቡ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ከ20 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። አንዋር ከአርባ ምንጭ ሩቅ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ከሲቀላም ከሴቻም ሙዝ ጭኖ የወጣ ሾፌር፣ ለንግድ የሄደ ወንድም፣ ለሕክምና የሄደች እናት አዲስ አበባ ላይ ጁሙዓ ከደረሰባቸው የሚሰግዱት እዚያው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ዛሬ ልናነሳው የምንፈልገው ጥያቄ ግን ከአንድ ቦምብ ይሰፋል። ቦምብ ሲፈነዳ ባለሥልጣናት መጀመሪያ የሚጠይቁት የወርዋሪውን ሃይማኖትና ብሔር ነው። ፋብሪካ ወይም መጋዘን ፈንድቶ ሰው ሲያልቅ ግን «ድንገተኛ አደጋ» ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። ሁለቱም ደም ያፈሳሉ፤ ከሁለቱም ጀርባ ሥልጣንና ገንዘብ አለ። ታዲያ ስለምን ለአንዱ ጦር ይዘመታል፣ ለሌላው ዝም ይባላል?

በዓለም የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2013 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በሩጫ ውድድር ላይ ቦምብ ፈንድቶ 3 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች ቆሰሉ። ወንጀል ነው፤ አውግዘነዋል። ከሁለት ቀን በኋላ በቴክሳስ ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ የማዳበሪያ መጋዘን ፈንድቶ 15 ሰዎች ሞቱ። አሞኒየም ናይትሬት የተባለው ኬሚካል የተከማቸው በእንጨት ቋት፣ ከትምህርት ቤትና ከአረጋውያን መጦሪያ አጠገብ ነበር። የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ቦታውን ለመጨረሻ ጊዜ የፈተሸው በ1985 ነው። እሳቱን ማን አስነሳው በሚለው ብዙ ተከራክረዋል። ማንም ያስነሳው ማን፣ እሳቱን ወደ እልቂት የቀየረው ግን ለደህንነት ገንዘብ ያላወጣ ባለንብረትና ለ28 ዓመት ያልመጣ ተቆጣጣሪ ነው። በቦስተኑ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያለ ሙስሊም ራሱን እንዲያስረዳ ተጠየቀ። በዌስቱ ምክንያት ግን ባለመጋዘኖች በሙሉ ራሳቸውን እንዲያስረዱ የጠየቀ የለም።

ቤይሩትም ሌላ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 በወደቡ ውስጥ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኬሚካሉ ለስድስት ዓመታት ያህል እዚያው ተቀምጦ ነበር። አደገኛ መሆኑን የሚገልጹ ደብዳቤዎች ለባለሥልጣናት ተጽፈዋል። ኃላፊነቱን ግን አንዱ በሌላው ላይ ገፋው። ከፍንዳታው በኋላ ደግሞ ዳኛው ታሪክ ቢጣር ትልልቆቹን ሲጠራ ፖለቲከኞች ምርመራውን አስቆሙበት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ሞተ፤ አብሮም ፍትሕ አጣ።

ወደ አገራችን እንመለስ። መስከረም 6 ቀን 1999 በአዲስ አበባ ሦስት ፍንዳታዎች ደረሱ። መንግሥት የኦነግና የሻዕቢያ ሥራ ነው አለ። ከዓመታት በኋላ ይፋ የወጣ የአሜሪካ ኤምባሲ ደብዳቤ ግን ድርጊቱ የራሱ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ሥራ ሊሆን እንደሚችል ጥርጣሬ መኖሩን አሰፈረ። ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም፤ እኛም እንደ ማስረጃ አናቀርበውም። ነገር ግን ገለልተኛ ምርመራ በሌለበት አገር እውነቱ ለሕዝብ አይደርስም፤ የሚተርፈው ጥርጣሬ ብቻ ነው። ሰኔ 16 ቀን 2010 በመስቀል አደባባይ ቦምብ ተወርውሮ 2 ሰዎች ሲሞቱና ከ150 በላይ ሲቆስሉ፣ በጉዳዩ ከተያዙት ውስጥ የፖሊስ አመራሮች ጭምር ነበሩ። የሥልጣን ፀብ በሕዝብ ደም ይወራረዳል የምንለው ለዚህ ነው።

በአንጻሩ በእጁ ቦምብ ያልያዘው ምን ደረሰበት? የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው ወንድሞቻችን በነጭ ወረቀትና በቢጫ ካርድ የተሰማን ሰላማዊ ጥያቄ ይዘው ነበር። በ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ተከሰው ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ ተፈቱ፤ አዋጁም በ2012 በሌላ ተተካ። በእስር ያለፈውን ዕድሜ ግን የመለሰላቸው የለም። ሰላማዊውን በር የዘጋ መንግሥት የጠቀመው ለማን እንደሆነ ይጠየቅ። የጠቀመው ለፈንጂ ነጋዴው ነው።

ግልጽ ይሁን። ንጹሕ ሰው የሚገድል ሁሉ ወንጀለኛ ነው። ድህነትም ሰበብ አይሆነውም። የእኛ ከተማ ድሃ ሞልቶባታል፤ ድሃው ግን ማልዶ ተነስቶ ሙዝ ይጭናል፣ ባጃጅ ይነዳል፣ አባያና ጫሞ ላይ ዓሣ ያጠምዳል እንጂ ቦምብ አይወረውርም። ቦምብ ገዢ፣ አቅራቢና ላኪ ያስፈልገዋል። እነዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድሆች አይደሉም። ስለዚህ ምርመራው ከወርዋሪው እጅ አልፎ እስከ ከፋዩ ኪስ ይድረስ።

የቸልተኝነትም ነገር እንደዚሁ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ፍንዳታ አልነበረም፤ ሥሩ ግን ያው ነው። ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተወስኖ ነበር። የአካባቢው ገበሬ ሳይመክርበት ስለተሠራ ተቃውሞ ተነሳ፤ ቆሻሻውም ተመልሶ በድሆቹ ራስ ላይ ተከመረ። ሁለት ድሃ ማኅበረሰብ አንዱ የሌላውን መርዝ እንዲሸከም ተደረገ፤ የወሰኑት ግን ምንም አልሸከሙም።

አሁን ወደ ገዛ ሰፈራችን። ቤንዚን በሃይላንድና በጀሪካን ሲሸጥ ያላየ ማን አለ? መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ዋጋው ናረ፤ ሰልፉም አላጠረም። ባጃጅ የሚነዳው ወጣት ሌሊቱን ሙሉ ማደያ ላይ ከማደር ከመንገድ ዳር መግዛትን መረጠ። ጀሪካኑ ደግሞ የሚያድረው ልጆች በሚተኙበት፣ ከሰል በሚቀጣጠልበት ቤት ነው። ነገ አንዱ ቤት ቢፈነዳ «ግዴለሽ ወጣት» ተብሎ ይዘገባል። ነዳጁ ግን ከማደያና ከቦቴ ሳይወጣ በራሱ እግር መንገድ ዳር አይደርስም። በጀሪካን የሚሸጠውን ከማሰር በፊት በጅምላ ማን እንደሚያወጣ ይታወቅ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የአንዋሩን ጨምሮ በሕዝብ ላይ የተጣሉ ቦምቦች ምርመራ ውጤት ሙሉ ሆኖ ለሕዝብ ይነገር። ነዳጅና ኬሚካል የሚከማችባቸው ቦታዎች ከመኖሪያ፣ ከትምህርት ቤትና ከመስጂድ ይራቁ፤ የፍተሻ ውጤታቸውም በየቀበሌው ይለጠፍ። ሰው በቸልተኝነት ሲሞት ፈቃድ የሰጠው ፈራሚም ይጠየቅ።

ከጀመዓውም የምንጠብቀው አለ። በቤታችሁ ጀሪካን ካለ ዛሬውኑ አውጡ። የጎረቤታችሁንም፣ ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ በመልካም ቃል ምከሩት። መስከረም 2011 በቡራዩ የጋሞ ልጆች ሲገደሉ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲነሳ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሱት። ያ የዚህ ምድር ትምህርት ነው። በቀልን እንከለክላለን፤ ፍትሕን ግን አንተውም። ሣር ይዘው የተንበረከኩት አባቶች «ገዳዩ አይጠየቅ» አላሉምና።

ለተጎዱት አላህ ይዘንላቸው፤ ለቆሰሉት አፊያ ይስጣቸው። ጥያቄያችን ሰላማዊ ነው፤ መልስ እስኪያገኝ ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ።

አላሁ አክበር!