ፊልትሮን የዘነጋ የባዮዲዝል ምክር ጎዶሎ ነው

የናፍጣ መኪና እየጠገንኩ የምኖርባት ሚኒሶታ፣ ባዮዲዝል ከናፍጣ ጋር እንዲቀላቀል በሕግ በማስገደድ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። በ2005 በ2 በመቶ ተጀምሮ፣ በሞቃቱ ወራት 20 በመቶ እስከ መሆን ደርሷል። ከአኩሪ አተር ዘይትና ከእንስሳት ስብ የሚሠራ፣ ለገበሬው ገበያ የሚከፍት ነዳጅ ስለሆነ እደግፈዋለሁ። የሚያሳዝነኝ «ቀይሩ» ባዩ ሁሉ ስለ ፊልትሮ ትንፍሽ አለማለቱ ነው።

ባዮዲዝል ቆሻሻ የማሟሟት ጠባይ አለው። በአሮጌ መኪና ታንክና ቱቦ ውስጥ ናፍጣ ለዓመታት ያስቀመጠውን ዝቃጭ ያላቅቃል፤ የተላቀቀውም ፊልትሮው ላይ ይከማቻል። ቅልቅሉ በጨመረ ቁጥር እጥበቱ ይበረታል። አንድ የአገሬ ልጅ የ1983 መርሴዲስ 300ዲውን በንጹሕ ባዮዲዝል መንዳት ጀምሮ «ዳገት ላይ ጉልበት አጣችብኝ» ብሎ መጣ። ሌላ ጋራዥ ፓምፑ መቀየር አለበት ብሎታል። ይህች መኪና ሁለት ፊልትሮ አላት፤ ትንሿ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ስለሆነች ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ጠቁራ ነበር። ሁለቱንም ቀይረን አየሩን በእጅ ፓምፑ ስናስወጣ ጉልበቷ ተመለሰ።

ነዳጁ ራሱ የሚያጠፋበት ጊዜም አለ። በ2005 መጨረሻ፣ በዚያው በመጀመሪያው ክረምት፣ የብዙ ከባድ መኪናዎች ፊልትሮ ተደፍኖ ግዛቷ ሕጉን ለጊዜው አግዳ ነበር። መንስኤው ብርድ ብቻ አልነበረም፤ ከደረጃ በታች የተመረተ ባዮዲዝልም ገበያ ገብቶ ነበር። ስለዚህ የጥራት ቁጥጥሩ መላላት የለበትም።

ለባለ አሮጌ መኪና የምመክረው ይህን ነው። ቅያሪውን በበጋ ጀምሩ፤ ከዝቅተኛ ቅልቅል ተነሥታችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። መለዋወጫ ፊልትሮ መኪናው ውስጥ ይኑር። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሙሌቶች እንዳለቁ፣ መኪናው ባይታመምም ፊልትሮውን ቀይሩ። ባዮዲዝል ውሃ ስለሚስብ ውሃ መለያ ካለው አዘውትራችሁ አፍስሱት። የተፈጥሮ ጎማ ቱቦዎችም ስለሚለሰልሱና ስለሚያፈሱ በቪቶን ይተኩ።

ቅልቅሉን በሕግ ያስገደደ መንግሥት፣ ማደያዎችም ይህን ማስጠንቀቂያ መቅጃው ላይ እንዲለጥፉ ማስገደድ አለበት። አሮጌ መኪና የሚነዳው ብዙ ጊዜ አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ነው። ለንጹሕ አየር የሚከፈለው ዋጋ፣ ባልተነገረው ነገር ምክንያት፣ በእሱ ጫንቃ ላይ መውደቅ የለበትም።