በርበራ የተያዘችው በየብስ ነው

«በርበራ እ.ኤ.አ. በ1940 በጣልያን እጅ የወደቀችው ወደብ የሚጠብቅ ከባድ መድፍ ስላልነበራት ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ካርታውን ገልብጦታል።

ጣልያን በባሕር አልመጣም። የጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ ጦር በዚያው ዓመት ኦገስት መጀመሪያ ላይ ከተያዘችው ኢትዮጵያ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳን ያዘ። ይህ ከተማ ከበርበራ በመንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በወደብ ዳር የተተከለ መድፍ እዚያ ምን ይሠራል?

የጦርነቱ ዕጣ የተወሰነው ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት የቱግ አርጋን ኮረብቶች ነው። በርበራን ይዘው የነበሩት እንግሊዞች አራት ቀላል መድፎች ብቻ ነበሯቸው፤ ፀረ ታንክ መድፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ችግሩ ምን ያህል እንደጠና ለማየት ይህን ልብ በሉ፦ ሆባርት ከተባለችው የአውስትራሊያ መርከብ ለክብር ሰላምታ የሚተኮስ ትንሽ መድፍ ወርዶ፣ በዘይት በርሜል ላይ ተገጥሞ፣ ከሦስት መርከበኞች ጋር ወደ ግንባር ተላከ። መድፉም ሰዎቹም ተማረኩ። በኦገስት 19 ጣልያኖች በርበራ ገቡ።

ከባድ መድፍ ወደብን በራሱ ቢያድን ኖሮ ሲንጋፖር ባልወደቀች። አምስት ባለ 381 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሯት፤ አብዛኛው ጥይታቸው ግን የመርከብ ብረት ለመብሳት የተሠራ ነበር። ጃፓኖች ከሰሜን በየብስ መጥተው በፌብሩዋሪ 1942 ያዟት።

በርበራ በእውነት ከባሕር የተጠቃችው በማርች 1941፣ እንግሊዞች ከኤደን ተመልሰው ሲመጡ ነው። ያኔ የጣልያን ጠባቂ ጦር እምብዛም ሳይዋጋ ተበተነ።