ለሁለት የተከፈለ መዝገብ

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው በቀድሞው ጄፒ ጎዳና የሚነግድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የዱቤ መዝገብ ምን ያህል ክብር እንዳለው ያውቃል። ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ ሎኬሽን የሚዞረው ወገን ከማን ስንት ራንድ እንደሚቀበል የሚነግረው መዝገቡ ነው። መዝገቡ ጠፋ ማለት ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው። ይህ መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር፣ የኮምፒዩተሩ አሠራር የባለሱቁም ጉዳይ ይሆናል።

ኮምፒዩተር ሲያዘግም ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ ሁለት ሀርድ ዲስኮችን እንደ አንድ አጣምሮ ዊንዶውስን በላያቸው መጫን ነው። ይህ ሬይድ ዜሮ ይባላል። ሬይድ የሚለው ስም የታወቀው በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጥናት ነው። የእነርሱ ሐሳብ ርካሽ ዲስኮች ተደጋግፈው፣ አንዱ ሲበላሽ የያዘው እንዳይጠፋ ማድረግ ነበር። የዘረዘሯቸው ደረጃዎችም ከ1 እስከ 5 ናቸው። ዜሮው ኋላ የመጣ ስያሜ ሲሆን መጠባበቂያ የሌለው ለማለት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሁለቱ ዲስኮች ሥራውን ተካፍለው ስለሚሠሩ ፍጥነት ይገኛል። ነገር ግን አከፋፈሉ አንድን መዝገብ ገንጥሎ ጎዶሎ ቁጥር ገጾቹን ለአንድ ወንድም፣ ሙሉ ቁጥሮቹን ለሌላው እንደ መስጠት ነው። የአንዱ ቤት ከተቃጠለ በሌላው እጅ የቀረው ግማሽ አይነበብም። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ከመቶ 3 ቢሆን፣ ሁለት ሲጣመሩ ሁሉንም የማጣቱ ዕድል ወደ 6 ይጠጋል።

ይህን አውቆ የሚጭን ሰው አስቀድሞ ያለውን ፋይል ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጥ፤ ዲስኮቹ ሲጣመሩ የያዙት ይጠፋልና። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ገብቶ የዲስኩን አሠራር ወደ ሬይድ ይለውጥና ሁለቱን ያጣምር። የዲስኮቹ መጠን እኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ባለ 1 እና ባለ 2 ቴራባይት ቢጣመሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 2 ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን «ዲስክ የለም» ቢል፣ ከማዘርቦርዱ አምራች የተገኘውን የሬይድ ድራይቨር በፍላሽ መስጠት ያስፈልጋል።

በዚህ አገር መብራት በፈረቃ መሆን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 መገባደጃ ላይ ሲሆን፣ በ2023 እጅግ ከፍቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ እየተጻፈ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ደክሞ ከሆነ ደግሞ ባዮስ የሬይዱን ምርጫ ይረሳና ኮምፒዩተሩ አልነሣም ይላል። በዚህ ጊዜ ፎርማት ለማድረግ መቸኮል ጥፋት ነው፤ መጀመሪያ ምርጫውን ወደ ሬይድ መልሶ መሞከር ይገባል።

ፍጥነት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ዛሬ አንድ ኤስኤስዲ ይበቃዋል። ተራ ሀርድ ዲስክ በሰከንድ ወደ 150 ሜጋባይት ሲያነብ፣ ሳታ ኤስኤስዲ 500 ያህል ያነባል። ሬይድ ዜሮን የመረጠም ዊንዶውሱን እንጂ ብቸኛውን መዝገብ አይጫንበት። ኤስኤስዲም ቢሆን ይበላሻል፤ ስለዚህ ቅጂ በየማታው ይወሰድ። ቅጂውም ከሱቁ ውጭ ይደር። በግንቦት 2008 እና በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ሱቆች ሲዘረፉ እንደታየው፣ አብሮ ያደረ አብሮ ይሄዳል።

ባለሱቁ ለባለሙያው ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ያቅርብ፦ «ከሁለቱ አንዱ ነገ ጠዋት ቢሞት፣ መዝገቤን ከየት አገኘዋለሁ?» መልስ ከሌለ ሥራው ገና አላለቀም።