ንጉሡ ከተዋናዩ ጋር መቀበር አልነበረበትም

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ተቀምጠን የማያልቀው ክርክራችን እንደገና ተነሣ። እገሌ ለባትማን አይሆንም፣ እገሌ ለሱፐርማን ፊቱ አይመጥንም፣ የድሮው ይሻል ነበር እየተባባልን ቆየንና እንደ ልማዳችን መጨረሻ ላይ ብላክ ፓንተር ላይ አረፍን። ቻድዊክ ቦስማን ከሞተ በኋላ ቲቻላን ሌላ ሰው ሊጫወተው ይገባ ነበር ወይ? ከአምስታችን አራቱ «ነውር ነው፣ የእሱን ቦታ ማንም አይነካም» አሉ። አንዱ ተቃዋሚ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን በጩኸት ስለተሸነፍኩ ዛሬ በጽሑፍ ልሞክር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው። ልጅ እያለሁ አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ልጇ አንብቦ የጨረሳቸውን ሰባት ኮሚኮች በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሰባቱም የባትማን ነበሩ። ቁጥራቸው የተዘበራረቀ ስለነበር የአንዱም ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ አልነበረውም። እንግሊዝኛዬም ለማንበብ ስለማይበቃ ሥዕሉን እያየሁ ታሪኩን ራሴ እፈጥር ነበር። በአንዱ ላይ የባትማን ጆሮ እንደ ቀንድ ረዝሟል፣ በሌላው አጭር ነው። በአንዱ ልብሱ ግራጫና ሰማያዊ ነው፣ በሌላው ድፍን ጥቁር ነው። በአንዱ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን ሰፍቷል፣ በሌላው ነፋስ የሚወስደው ይመስላል። ለረጅም ጊዜ ሰባት የተለያዩ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። የተለወጠው ሠዓሊው እንጂ ሰውየው አለመሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰውየው ያው ነው፤ በልጅነቱ ወላጆቹ ፊቱ ላይ የተገደሉበት፣ ያንን ሌሊት መርሳት ያልቻለ።

እነዚያ ሰባት ኮሚኮች ዛሬ የሉም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከአሮጌ ደብተሮች ጋር ለቆራሌው ሰጥታቸዋለች። ያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ አሁንም በቤታችን ይወራል። ኋላ ሳነብ ግን የአሜሪካ እናቶችም ይህንኑ ሲያደርጉ እንደኖሩ አወቅሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ልጆች ለጦርነቱ አሮጌ ወረቀት እንዲሰበስቡ ሲጠየቁ ስንትና ስንት ኮሚክ አብሮ ተሰብስቦ ሄዷል። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በ1938 ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። በ2014 አንድ ቅጂው ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው ሌላው ሁሉ ስለተነበበ፣ ስለተቀደደና ስለተጣለ ነው።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በ1992 እናገኛለን። በዚያ ዓመት ሱፐርማን የሚሞትበት ቁጥር 75 እትም በጥቁር ላስቲክ ታሽጎ ወጣ። ሰው ነገ ሀብት ይሆነኛል ብሎ ሁለት ሦስት እየገዛ አንዱን ለማንበብ፣ ሌላውን ላስቲኩን ሳይከፍት ለማስቀመጥ ተሻማ። በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ነገር ግን ሁሉም ሰው ስላስቀመጠው ብርቅ ሳይሆን ቀረ። ሱፐርማንም በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ያ የሰብሳቢዎች ገበያ ተንኮታኮተ፣ ማርቭል ራሱም በ1996 የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደረሰ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አጭር ነው፤ ኮሚክ ታሽጎ ስለተቀመጠ አይከብርም። የሚከብረው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ነው።

አሁን ወደ ተዋናይ ምርጫ እንምጣ። በ1988 ማይክል ኪተን ባትማንን እንደሚጫወት ሲሰማ ወደ ዋርነር ብራዘርስ ወደ 50,000 የሚጠጋ የተቃውሞ ደብዳቤ እንደጎረፈ ይነገራል። ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን፣ በፖስታ፣ ቴምብር ተገዝቶ! ሰዎቹን ሞኝ ናቸው አልልም። ኪተን የሚታወቀው በኮሜዲ ነው። እነሱ ደግሞ በ1966 የተጀመረው የቴሌቪዥን ባትማን ጀግናቸውን መሳቂያ አድርጎት እንደነበር አልረሱም። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር። በ1989 ፊልሙ ወጣ፣ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ ኪተንም ለአንድ ትውልድ «እውነተኛው ባትማን» ሆነ። ከዚያ በኋላ ቫል ኪልመር፣ ጆርጅ ክሉኒ፣ ክርስቲያን ቤል፣ ቤን አፍሌክና ሮበርት ፓቲንሰን መጡ። አፍሌክና ፓቲንሰን ሲመረጡም ያው ጩኸት ተሰማ፣ ደብዳቤው ብቻ ወደ ኢንተርኔት ፊርማ ተለወጠ።

ተዋናዩ ኮሚኩን የለወጠበት ጊዜም አለ። የባትማን አገልጋይ አልፍሬድ በ1943 መጀመሪያ ኮሚኩ ላይ ሲታይ ወፍራም፣ ድብልብል ያለ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት በወጣው ተከታታይ ፊልም ግን ቀጭንና ባለ ጺም በሆነው ዊልያም ኦስቲን ተጫወተው። የኮሚኩ ደራሲዎች ምን አደረጉ? አልፍሬድን ዕረፍት ላከው፣ ውፍረቱን ቀንሶ፣ ጺም አሳድጎ ተመለሰ አሉ። ዛሬ ሁላችንም «እውነተኛው አልፍሬድ» ብለን የምናውቀው ቀጭን ሰው ከአንድ ተዋናይ መልክ የመጣ ነው። «ኦርጅናሉን አትንኩብን» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የትኛውን ኦርጅናል ማለቱ እንደሆነ ሁልጊዜ መጠየቅ ያምረኛል። ብዙ ጊዜ መልሱ «እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ያየሁትን» ነው። የእኔም መልስ ያው ነው፣ አልዋሽም።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ምሳሌ ግን ጆከር ነው። ሂዝ ሌጀር በ2006 ሲመረጥ ተቀለደበት። በጃንዋሪ 2008፣ ፊልሙ ሳይወጣ፣ በ28 ዓመቱ ሞተ። ፊልሙ ሲወጣ የቀለዱበት ሁሉ አፋቸውን ያዙ፣ በ2009 ከሞተ በኋላ ኦስካር ተሰጠው። ያኔም «ከእንግዲህ ጆከርን ማንም አይንካ» ያሉ ብዙ ነበሩ። ሆኖም በ2016 ጃሬድ ሌቶ ሞከረው፣ ብዙም አልተወደደለትም። በ2019 ደግሞ ዋኪን ፊኒክስ ፍጹም ሌላ ጆከር ይዞ መጣና እሱም ኦስካር ወሰደ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ፊኒክስ በመጫወቱ ሌጀር ቀነሰ? እኔ እንዲያውም የሌጀር ሥራ የበለጠ የታየኝ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ስችል ነው።

ወደ ቲቻላ ልመለስ። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በጁላይ 1966 እትም ሲፈጥሩት ለትልቁ የአሜሪካ ኮሚክ አዲስ ነገር ነበር። ቲቻላ አፍሪካዊ ነው፣ ንጉሥ ነው፣ ሀገሩ ዋካንዳ በቅኝ አልተገዛችም፣ እሱም ከነጮቹ ጀግኖች የሚያንስ አይደለም። በ1973 ዶን ማክግሬገር ተቀበለው፣ በ1998 ክሪስቶፈር ፕሪስት፣ በ2016 ታ-ነሂሲ ኮትስ። ጥቁሩም ነጩም፣ ሠዓሊው ሁሉ በየተራው ጻፈው፣ ሣለው። ዕድሜውን ያገኘው እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ በመተላለፍ ነው። በፊልም ላይ በሥጋና በደም ለመታየት ግን እስከ 2016 ድረስ፣ 50 ዓመት ጠበቀ። በ2018 የራሱ ፊልም ሲወጣ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ ለምርጥ ፊልም ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የሱፐርሂሮ ፊልም ሆነ። በኦገስት 2020 ቦስማን በ43 ዓመቱ በአንጀት ካንሰር አረፈ። ከ2016 ጀምሮ ሕመሙን ደብቆ እየሠራ እንደነበር ያን ጊዜ ሰማን። ማርቭል በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ተዋናይ እንደማይተካ አስታወቀ፣ በ2022 በወጣው ሁለተኛ ፊልምም ቲቻላ ሞቶ ተቀበረ።

ሒሳቡን እንሥራው። ባትማን ከኪተን ወዲህ ብቻ ስድስት ተዋናይ አይቷል። ሱፐርማን ከክሪስቶፈር ሪቭ በኋላ በብራንደን ራውዝ፣ በሄንሪ ካቪል፣ በ2025 ደግሞ በዴቪድ ኮረንስዌት ተነሥቷል። ስንት ዘመን የተጠበቀው ጥቁር ንጉሥ ግን አራት ፊልም ታይቶ አበቃ፤ በስሙ የተሰየመውና እሱ በሕይወት የታየበት አንድ ብቻ ነው። ያደረጉት ከፍቅር ነው፣ አምናለሁ። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ከሐዘኑ የተነሣ ፊልም ሥራን ሊተው ደርሶ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ጓደኛው በሞተ ማግሥት «ቶሎ ሌላ ሰው አምጣ» የሚለው ሰው ልብ የለውም። እኔም የ2022ቱ ፊልም የለቅሶ ፊልም መሆኑን አልተቃወምኩም፤ ሲኒማ ቤት ውስጥ አልቅሻለሁ። የምቃወመው ገጸ ባሕርዩን ከሰውየው ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ መክተታቸውን ነው። ቲቻላን ሩቅ ሀገር ልከውት፣ ሌላ ጉዳይ ይዞት ነው ብለው፣ ዓመታት ቆይተው መመለስ ይችሉ ነበር።

ጓደኞቼ ሁለት ነገር መለሱልኝ። የመጀመሪያው «እህቱ ሹሪ ብላክ ፓንተር ሆናለች፣ ጭንብሉ ተላልፏል፣ ምን ጎደለ?» የሚል ነው። ሹሪ ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ኮሚኩ ላይም ሆናለች። ግን የባትማንን ጭንብልም በኮሚኩ ሌሎች ለብሰውታል፣ ብሩስ ዌይን ስለዚያ አልተቀበረም። ጭንብሉ ማዕረግ ነው። ቲቻላ ግን የራሱ ታሪክ፣ ገና ያልተነገረለት የንግሥና ዘመን ያለው ሰው ነው።

ሁለተኛው በቀልድ የመጣ ነው፤ «መልክ ዋጋ የለውም ካልክ ነጭ ተዋናይ ይጫወተው ትላለህ?» አልልም። ማንኛውም ነገር ይለወጥ ማለቴ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ነገሩ ሲወጣ ታሪኩ ይፈርሳል ወይ ብዬ ነው። ወልቨሪን በኮሚኩ ድንክ ሊባል ምንም ያልቀረው አጭር ሰው ነው፤ ረጅሙ ሂው ጃክማን ተጫወተው፣ ምንም አልፈረሰም። ቲቻላ አፍሪካዊ መሆኑ ሲወጣ ግን ዋካንዳ አብራ ትወጣለች። የቦስማን መልክና ድምፅ ውድ ናቸው፣ ዋካንዳን የሚያቆመው ምሰሶ ግን እነሱ አይደሉም።

ቲያትር ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌትን የመጀመሪያው ተዋናይ ሲሞት አብረው ቀብረውት ቢሆን ኖሮ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የሚመልሰው ነገር ባላገኘም ነበር። ትልቅ ሚና ብዙ ሰው ያልፍበታል። ከተዋናዩ በኋላም መኖሩ የተዋናዩን ክብር አይነካም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከእሱ ጋር ስለሚወዳደር ስሙ ሁልጊዜ ይነሣል።

እነዚያ ሰባት ኮሚኮች ዛሬ ቢኖሩኝ ላስቲክ ውስጥ አላሽጋቸውም ነበር፤ ለእህቴ ልጅ እሰጠው ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቦስማን ሲሞት ገና አልተወለደም። ባትማን ማን እንደሚሆን በየጊዜው ዜና ይሰማል፣ ሱፐርማንን በአዲስ ፊት አይቷል። ቲቻላ ግን ለእሱ የሞተ የሰው አባት ነው። በሁለተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ስሙ ቲቻላ የሆነ ትንሽ ልጅ ብቅ ሲል ፈጣሪዎቹ ራሳቸው በሩን ገርበብ አድርገው እንደተዉት ገባኝ። ልጁ እስኪያድግ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር እላለሁ።

አራቱ ጓደኞቼ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። የቅዳሜው ቡና በእኔ ነው፤ መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ።