ተቆጣጣሪው ማንን ይሰማል? የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች በኅብረተሰብ ጤናና በአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ ላይ ያላቸው ቁጥጥር

ስለ ምክር ቤቶች ቁጥጥር በሚደረግ ውይይት በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሥልጣንን የሚመለከት ነው። ምክር ቤቱ ኃላፊዎችን መጥራት ይችላል ወይ? ሰነድ እንዲቀርብለት ማዘዝ ይችላል ወይ? ውሳኔ እንደገና እንዲታይ ማድረግ ይችላል ወይ? ከእነዚህ ሁሉ መቅደም የሚገባው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ተቆጣጣሪው ስለ አገልግሎቱ የሚያውቀውን የሚሰማው ከማን ነው? የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከሃያ ዓመታት በላይ ያካበቱት ልምድ እንደሚያመለክተው፣ ከሚቆጣጠረው ተቋም ሪፖርት በቀር ሌላ ምንጭ የሌለው ምክር ቤት ሥልጣኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ ጥፋትን በጊዜው ለማየት ይቸገራል።

የአካባቢ መስተዳድር በእንግሊዝ ለኅብረተሰብ ጤና እንግዳ አይደለም። በአገሪቱ የመጀመሪያው የከተማ ጤና ሹም ዊልያም ሄንሪ ደንካን እ.ኤ.አ. በ1847 የተሾመው በሊቨርፑል ከተማ ነበር። ይህ ኃላፊነት በአካባቢ መስተዳድሮች እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ወደ መስተዳድሮቹ ተመለሰ። ዛሬ ማጨስ ለማቆም የሚደረግ ድጋፍ፣ የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ሱስ ሕክምና፣ የአባላዘር በሽታዎች ክሊኒክና የሕፃናት የቤት ለቤት ጤና ክትትል በእነርሱ ኃላፊነት ሥር ናቸው። አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን የሚመለከተው የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤም እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የእንክብካቤ ሕግ የተደነገገ ግዴታቸው ነው።

የቁጥጥሩ ሥርዓት የተዘረጋው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአካባቢ መስተዳድር ሕግ ምክር ቤቶችን በአስፈጻሚ ካቢኔና በክትትልና ቁጥጥር ኮሚቴ ከፈላቸው፤ የካቢኔ አባል በኮሚቴው ውስጥ እንዳይቀመጥም ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ኮሚቴዎቹ የብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተቋማትን ጠርተው እንዲጠይቁ ሥልጣን ሰጣቸው። ስለዚህ በስታፎርድ የደረሰው ጥፋት ሲፈጸም ሥልጣኑ አልጎደለም ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 በስታፎርድ ሆስፒታል ሕመምተኞች በቆሸሸ አንሶላ ላይ ለረጅም ሰዓት ይተዉ ነበር። ምግብና ውኃ እጃቸው ከማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥላቸው፣ የሚያበላቸውም ያጡ ነበር። በሮበርት ፍራንሲስ የተመራው ሕዝባዊ አጣሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ባወጣውና 290 ምክረ ሐሳቦችን በያዘው ሪፖርት ከተወቀሱት አካላት መካከል የስታፎርድ ከተማና የስታፎርድሻየር አውራጃ ምክር ቤቶች የቁጥጥር ኮሚቴዎች ይገኙበታል። ኮሚቴዎቹ የከባድ ጉድለት ምልክቶችን አላዩም ወይም ትርጉማቸውን አልተረዱም። የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ቀርበው ሲያስረዱ ማብራሪያቸው አጥብቆ ሳይመረመር ይታለፍ ነበር።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። በስታፎርድ ግን ባለቤቱ ጮኋል። የሕመምተኞች ቤተሰቦች አቤቱታ ጽፈዋል፤ ተሰባስበውም ድምፃቸውን አሰምተዋል። ያልነበረው ጩኸቱን ከኮሚቴው ጠረጴዛ የሚያደርስ መንገድ ነው። አጣሪ ጉባኤው የቁጥጥር ኮሚቴዎች የሕመምተኞችን ምስጢር በጠበቀ መንገድ የአቤቱታዎችን ዝርዝር መረጃ እንዲያገኙ ሐሳብ ያቀረበውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ290ዎቹ መካከል ይህ ምክረ ሐሳብ ብዙም ባይጠቀስም ለምክር ቤቶች ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ስታፎርድ ሆስፒታል ነበር፤ ከምክር ቤቱም ውጭ የሚተዳደር ተቋም ነው። የኅብረተሰብ ጤናና የአዋቂዎች እንክብካቤ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይከብዳል፤ ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት አካል በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸውና። በጀቱን የሚደለድለው፣ ውሉን የሚፈርመውና አፈጻጸሙን የሚገመግመው ያው መስተዳድር ነው። በእንግሊዝ ብዙ ምክር ቤቶች የኮሚቴውን ሰብሳቢ የሚሰይመው አብላጫ መቀመጫ የያዘው ፓርቲ ነው፤ ይህም ካቢኔውን ያቋቋመው ፓርቲ ማለት ነው። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ የሚለው አነጋገር ከዚህ ሁኔታ ሩቅ አይደለም።

የገንዘቡ ሁኔታ ችግሩን ያባብሰዋል። ማዕከላዊ መንግሥት ለኅብረተሰብ ጤና የሚሰጠው ድጎማ የዋጋ ንረት ሲታሰብ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በነፍስ ወከፍ ከአንድ አምስተኛ በላይ ቀንሷል። በእንክብካቤ ረገድም አንድ ሰው የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት ሊኖረው የሚችለው የሀብት ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በ23,250 ፓውንድ ላይ ቆሟል። በቁጠባ ጊዜ የሚቀነሰው አገልግሎት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድምፅ የሌለው ነው። ለምሳሌ አንዲት አቅመ ደካማ እናት ልብስ ለመልበስና ቁርስ ለመብላት የሚረዳት ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ይቆይ የነበረው ወደ ሩብ ሰዓት ቢያጥርባት፣ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ የሚሰፍረው ጉብኝቱ መካሄዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እናቲቱ ግን ቁርስ አልበላችም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የምክር ቤት አባላት ሐኪሞችም የእንክብካቤ ባለሙያዎችም አይደሉም፤ ጥራትን መመርመር የባለሙያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የጤናና እንክብካቤ ሕግም የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን በእንግሊዝ ያሉትን 153 መስተዳድሮች የአዋቂዎች እንክብካቤ ግዴታ አፈጻጸም እንዲመዝን አዟል። ታዲያ ለምክር ቤቱ ምን ቀረለት? መልሱ ምክር ቤቱ የቅርብ ዐይን መሆኑ ነው። የኮሚሽኑ መርማሪዎች በየጊዜው መጥተው ይሄዳሉ፤ ተመራጩ ግን ከመራጩ ጋር በአንድ ሰፈር ይኖራል። የስታፎርድ ቤተሰቦች የነበራቸው እውቀት የሕክምና ሳይንስ አልነበረም፤ ዐይተው የመሰከሩት ነው። እንዲህ ያለውን ምስክርነት ተቀብሎ መልስ እስኪያገኝ መከታተል የሕክምና ሙያ የሚጠይቅ ሳይሆን የተመራጭ ዋነኛ ሥራ ነው።

የቅርብ ዓመታት ለውጦች ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመራሉ። ኮሚቴዎቹ አንድን ከፍተኛ የጤና አገልግሎት ለውጥ ሲቃወሙ ጉዳዩን ወደ ጤና ሚኒስትሩ የመምራት ሥልጣን ነበራቸው፤ ይህ ሥልጣን ከጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ተነሥቶ ማንኛውም ሰው ሚኒስትሩ ጣልቃ እንዲገባ ሊያቀርበው በሚችል ጥያቄ ተተክቷል። ከዚህም በላይ የሚያሳስበው፣ የተገልጋዮችን አስተያየት እንዲሰበስቡ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋሙትን ሄልዝዎች የተባሉ የአካባቢ አካላት ለማጠፍ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 ያስታወቀው ዕቅድ ነው። በዕቅዱ መሠረት እንክብካቤን የሚመለከተው ሥራቸው ወደ መስተዳድሮቹ ይዞራል። አቤቱታው የሚቀርብበት አካልና አቤቱታ ሰብሳቢው አንድ ሲሆኑ ከስታፎርድ የተገኘው ትምህርት ተዘንግቷል ለማለት ያስደፍራል።

እርማቱ አዲስ ተቋም መፍጠርን የግድ አይጠይቅም። ሦስት እርምጃዎች ብዙ ሊለውጡ ይችላሉ። አንደኛ፣ የጤናና የእንክብካቤ ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ካቢኔውን ካላቋቋመው ወገን ይሁን፤ በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ የሰብሳቢነት ቦታዎች በፓርቲዎች ቁጥር መጠን እንዲከፋፈሉ ማድረጉ ነገሩ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ የተገልጋዮችና የተንከባካቢ ቤተሰቦች አቤቱታ በእያንዳንዱ ስብሰባ ከኃላፊዎች ሪፖርት በፊት ይሰማ፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ሪፖርቱ የሚደመጥበትን ጆሮ ይለውጣልና። ሦስተኛ፣ ኮሚቴው ለአስፈጻሚው ኃላፊ ተጠሪ ያልሆነ፣ መረጃ የሚመረምርለት ባለሙያ ይኑረው። በገንዘብ እጦት ወቅት ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ሳይታይ የቆየ ጥፋት የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከአንድ ባለሙያ ደመወዝ ጋር አይወዳደርም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተመራማሪ የራቀ አይደለም። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የሁለቱ አገሮች ሀብትና ተቋማት ስለማይመሳሰሉ ከእንግሊዝ የሚቀዳ አዋጅ የለም፤ የሚዋሰው ጥያቄው ነው። የወረዳ ምክር ቤት የጤና ጽሕፈት ቤቱን ሪፖርት ሲያዳምጥ በዚያው ዕለት በጤና ጣቢያው ደጃፍ ወረፋ የጠበቀች እናት ቃል በምን መንገድ ይደርሰዋል? ይህ በመስክ ጥናት ሊመለስ የሚችልና ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

ሕግ ለምክር ቤት የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ምን ብሎ እንደሚጠይቅ የሚያሳውቁት ግን አገልግሎቱ የጎደለባቸው ሰዎች ናቸው፤ እነርሱን ከሪፖርቱ በፊት ያልሰማ ምክር ቤት ሥልጣኑን ይዞ ጥያቄውን ያጣል።